አውራ ጣቴና የባሌ እህት

የባሌ እህት ደብረ ብርሃን ልጇ ዘንድ ልትኖር የሄደችው ባለፈው ዓመት፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው። ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘመድ ሁሉ እያየ፣ በቦውሊንግ ላሸንፋት ፈልጌ ነበር። ሴትዮዋን በዚህ ዕድሜዋ ምን ነካት የሚል ይኖራል። ይበል። ስለ እኔ ብዙ ተብሏል፤ ይህ ቢጨመርበት አይከብደኝም።

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ውስጥ ቦውሊንግ አለ ስል የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ይስቃሉ። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም የቆርቆሮ ቤት አለ። የከፈተው የሰፈራችን ሰው ነው። ወጣትነቱን አዲስ አበባ አንድ ቦውሊንግ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ አሳለፈ። ቤቱ ሲዘጋ ኳሶቹንና የሚመቱትን እንጨቶች ገዝቶ፣ በአይሱዙ ጭኖ ወደ አገሩ ተመለሰ። ኳሱ የሚሄድበትን መንገድ ራሱ በጣውላ ሠራው፤ በመላጊያ አለሰለሰው፣ በሰም ወለወለው። መጋዘኑ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ግን መንገዱ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ኳሱ ሲስት «ወደ ቀየት ሄደ» እንላለን፤ ቀየት በዚያ በኩል ናትና።

እንጨቶቹን ባለ ቦውሊንጉ ፒን ይላቸዋል። እኛ ጠርሙስ ነው የምንላቸው፤ ነጭ ናቸው፣ አንገታቸውም ቀጭን ነው። ከወዲያ ጫፍ ይደረደራሉ፣ ከወዲህ ጫፍ ኳስ እያንከባለሉ መጣል ነው። የባለ ቦውሊንጉ ሚስት ከወዲያ ጫፍ የሱፍ ባናዋን ተከናንባ ትቀመጥና የወደቀውን ታነሣለች። ያልወደቀውንም ዝም ብላ አታልፈውም። «ጠርሙሶቹ ሰላም ብለዋችኋል» ትላለች፣ ኳሱ ሳይነካቸው ሲያልፍ።

ኳሱ የእግር ኳስ አይምሰላችሁ። ድንጋይ ነው ማለት ይቀላል። ሦስት ቀዳዳ አለው፤ በአንዱ አውራ ጣት፣ በሁለቱ የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ይገባሉ። ጣቴን ያየ ሰው እንዲገባው ነው ይህን ሁሉ የምዘረዝረው።

እሷን ለማሸነፍ ለምን እንደፈለግሁ ደግሞ ከሥሩ ልናገር።

ሙሽራ ሆኜ እነሱ ቤት በገባሁ ሰሞን አማቴ ለሽማግሌዎቹ ጠላ እንዳቀርብ አዘዙኝ። ጠላው በገንቦ ነው። እናቴ ቤት የነበረው ገንቦ ጆሮው ሰፊ ነበር፤ አራቱን ጣቶቼን አስገብቼ አንጠለጥለዋለሁ። የእነሱ ገንቦ ጆሮ ግን ጠባብ ነው። የአማቴ እጅ የሕፃን እጅ ያህል ስለነበር ለእሳቸው ታስቦ የተሠራ ነው። እኔ ሁለት ጣቶቼን እንደ ምንም አስገባሁ። ከጓዳ ሳልወጣ ጣቶቼ ደነዘዙ። ደፉ ላይ ስደርስ ገንቦው አመለጠኝና ሽማግሌዎቹ እግር ሥር ተከሰከሰ።

«እጄ አይደለም፤ ጆሮው ነው» አልኩ።

የባሌ እህት ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ «ሙሽሪት ሸክላ ከሰሰች» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ እጀ ልል ሆነ። በክርስትናው፣ በሠርጉ፣ አዲስ ምራት ወደ ቤተሰቡ በገባች ቁጥር ታሪኩ እንደ አዲስ ይነገራል። ገንቦውም ከዓመት ዓመት እያደገ ሄዷል። መጀመሪያ ገንቦ ነበር፤ ኋላ እንስራ ሆነ፤ በቅርቡ አንድ ሠርግ ላይ ስታወራ ጋን ደርሷል። ጋን ብቻዋን ያነሣች ሙሽራ እንዴት እጀ ልል ትባላለች ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ዕድሜ ልኬን ጠመኔ ጨብጬ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። የእሷ ልጆች ሀ ሁ የቆጠሩት በዚህ ልል በተባለ እጅ ነው። ይህንንም የሚያነሣ የለም።

እንግዲህ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄድ ታሪኩን ይዛው ልትሄድ ነው። እዚያ መልኬን ያላዩ ሰዎች ስለ እጄ ሊያውቁ ነው። ይህ ነው ያንገበገበኝ። አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት ይህ እጅ የያዘውን እንደማይለቅ፣ ካስፈለገም ደህና አድርጎ እንደሚለቅ፣ አንድ ጊዜ ላሳያቸው ፈለግሁ።

ሌላም ነገር አለ። የባሌ እህት ከእኔ ታናሽ ነኝ ትላለች። ያደግነው አንድ ደብር ነው። እኔ በተወለድኩ ጊዜ እሷ እናቷን ተከትላ እናቴን ልትጠይቅ መጥታ፣ ገንፎው እስኪበርድ መታገሥ አቅቷት አፏን መቃጠሏን እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ስትናገር ሰምቻለሁ። የእኔን መወለጃ ገንፎ የበላች ሴት በምን ሂሳብ ታናሼ እንደምትሆን አይገባኝም። ሲጀመር የታላቅ ወንድሟ ሚስት በመሆኔ አክብራ «እትዬ» ትለኝ ነበር፤ ይህ ደግ ነው። ቀስ በቀስ ግን አክብሮቱ ወደ ዕድሜ ዞረ። እኔ «እርስዎ» ስባል እሷ በየዓመቱ አንድ አንድ ዓመት ትጥላለች።

ባለቤቴ እውነቱን ያውቃሉ፤ እህታቸው ናት። ጠይቄያቸዋለሁ። «ተያት» ነው መልሳቸው። ባለቤቴ ቃል አያባክኑም፤ ካባከኑም የሚያባክኑት ይህንኑ ነው።

እኔስ ለምን ዝም አልኩ? ታላቅነት ጥቅም ስላለው ነው። ውሃ መጀመሪያ የሚፈሰው እጄ ላይ ነው፤ በክረምት ከእሳቱ አጠገብ ያለው መቀመጫ የእኔ ነው። የመንዝን ክረምት የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም።

የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ ወደ ቦውሊንጉ ጎትተው የወሰዱን በገና ሰሞን ነው። ወንዶቹ ሜዳ ላይ በገና ዱላ ሲራኮቱ ሴቶቹ ቆመን እያየን ነው ያረጀነው። ይኸኛው ግን ቤት ውስጥ ነው፤ ነፋስ የለበትም፣ ሩጫም የለበትም። ገና ከበሩ ስገባ ወደድኩት። ባለ ቦውሊንጉ ኳሶቹን ደርድሯል፤ ትልቁ ጥቁር፣ መካከለኛው ሰማያዊ፣ ትንሹ ቀይ። እጄን ወደ ሰማያዊው ስሰድ የባሌ እህት ቀደመችኝ።

«ኧረ ነውር ነው፣ እትዬ» አለች። «ትልቁ እያለ? ታናናሾችዎ እዚህ ቆመን እርስዎ መካከለኛውን ሊይዙ?»

ጥቁሩን ኳስ ራሷ አቅፋ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

አገሩ እንዲህ ነው። ለታላቅ የሚሰጠው ትልቁ ነው፤ ትልቁ ብርሌ፣ ትልቁ ቁራጭ፣ ወፍራሙ ባና። ኳስ ሲመጣ ደግሞ ትልቁ ኳስ ሆነ። ኳስ እንደ ሥጋ ቁራጭ አለመሆኑን ያሰበ ሰው አልነበረም። ባለ ቦውሊንጉም ያደገው እዚሁ ነውና ዝም አለ። እሷ ለታናሽ እንደሚገባ ትንሹን ቀይ ኳስ አንገቷን ደፍታ አነሣች። እጇ እንደ እናቷ እጅ ነው፤ ቀዩ ኳስ ልክክ አለላት።

ጥቁሩ የተሠራው ለአንድ ግዙፍ ወንድ መሆን አለበት። አውራ ጣቴ ቀዳዳው ውስጥ የሰው ጫማ እንዳጠለቀ እግር ይዋልላል። ሌላ ሰው ቢሆን ኳሱን መልሶ ያስቀምጥ ነበር። እኔ ግን እጀ ልል የተባልኩ ሴት ነኝ፤ ዘመድ ፊት የያዝኩትን ነገር አልጥልም። ጨበጥኩት። ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ አጥፌ፣ በጥፍሬ ግድግዳውን ቆንጥጬ፣ ጥርሴን ነክሼ ወረወርኩ። ኳሱ ወደ ቀየት ሄደ።

የእሷ ቀይ ኳስ ግማሹን ጠርሙስ አጋደመው።

«እትዬ፣ እንደ ጋኑ ቶሎ አይልቀቁት እንጂ» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ በኋላ የባሰ ጨበጥኩ።

ከጥምቀት በኋላ ጣቴ ታመመ። ሥሩ አበጠ፣ በውስጥ በኩል ቆዳው ተላጠ። እሑድ ከሰዓት ከቤተሰቡ ጋር እጫወታለሁ፤ ሰኞ ቀሚሴን መቆለፍ አልችልም። ለባና የጀመርኩት ሱፍ ነበረኝ፤ እንዝርቱን ላሾር ስል አውራ ጣቴ እንደ ቂመኛ ሰው ፊቱን ያዞራል። ቅቤ ቀባሁት። በጨው ውሃ ዘፈዘፍኩት። ባለቤቴ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ወጌሻው ጣቴን ስቦ፣ ስቦ፣ ዓይኔ እንባ ሲያቀርር «ገባ» አለኝ። ምን እንደገባ አላውቅም። የወጣ ነገር አልነበረም።

የባሌ እህት ልትጠይቀኝ መጣች። ጣቴን በጨርቅ ተጠቅልሎ አየችው።

«ይተዉት እትዬ» አለች፣ በሚያሳዝን ድምፅ። «ዕድሜም አለ። እጅዎም ከድሮ ጀምሮ…» ብላ ተወችው። የቀረውን ቤቱ ያውቀዋል።

እሷ ከወጣች በኋላ ነጠላዬን አነሣሁና ብቻዬን ወደ መጋዘኑ ወረድኩ። ዓቢይ ጾም ገብቶ ቤተሰቡ ጨዋታውን ትቶታል። ኳስ ፍስክ ነው ሲባል ግን አልሰማሁም። ባለ ቦውሊንጉ ጣውላውን እየወለወለ ነበር፤ ሚስቱ ከወዲያ ጫፍ ሹራብ ትሠራለች።

«እስቲ ጣቴን እየው» አልኩት።

እያገላበጠ አየው። «እማማ፣ ኳሱን ይጨብጡታል?»

«ካልጨበጥኩትማ ይወድቃል።»

«እሱ ነው ያሳመመዎት። ኳስ አይጨበጥም፤ ጣት ላይ ይንጠለጠላል። እርስዎ የሚጨብጡት ቀዳዳው ስለሰፋዎት ነው።»

«ጥፋቱ የቀዳዳው ነው?»

«የቀዳዳው ነው።»

«የእጄ አይደለም?»

«እጅዎ ምን አደረገ?»

እስቲ ድገመው አልኩት። ጆሮዬ የከበደ መስሎት ጮክ ብሎ፣ «ጥፋቱ የቀዳዳው ነው፣ እማማ፣ እጅዎ ደህና ነው» አለ። ሚስቱ ከወዲያ ጫፍ ቀና ብላ አየችን። ደስ አለኝ፤ ምስክር ተገኘ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?»

«ለታላቅ ትልቁን አትስጡ ብዬ ዘመድ መሐል ልናገር? በድንጋይ ነበር የሚያባርሩኝ።»

«ድንጋዩን ያመጣኸው አንተ ነህ» አልኩት።

ሳቀና ክር አመጣ። መጀመሪያ አውራ ጣቴን አንጓው ላይ ለካ፤ ከጥፍሩ ይልቅ የሚሰፋው እዚያ ነው። ከዚያ እጄን ሰማያዊው ኳስ ላይ ዘርግቶ፣ ከአውራ ጣቴ እስከ ሁለቱ ጣቶቼ ያለውን ርቀት ያዘ። ሰማያዊውን የመረጠው ክብደቱን አይቶ ነው። «ሁለተኛ እጅዎን ሳይጨምሩ ትከሻዎ ሳይጎብጥ የሚያነሡት ኳስ ነው የእርስዎ ኳስ» አለኝ። የአውራ ጣቱን ቀዳዳ በሚደርቅ ማጣበቂያ ደፈነውና እንዲያድር ተወው። በማግስቱ እንደ ልኬ በድሪል ቦረቦረው፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው።

የተማርኩትን እዚህ ላስቀምጠው፤ ጣቱ የታመመበት ሰው ይጠቀምበት። አውራ ጣት ቀዳዳው ውስጥ እስከ ሥሩ መግባት አለበት፤ ግማሹ ብቻ ከገባ ክብደቱ ሁሉ አንጓው ላይ ያርፋል። ቀዳዳው ጣቱን ዙሪያውን በስሱ ይንካው፤ ነገር ግን ጣቱ ሲወጣ እንደ ቡሽ አይጩህ፣ ቆዳም አይላጥ። ቀዳዳው ከጠበበ ጣቱ ሳይወጣ ኳሱ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ሥቃይ ነው። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከረዘመ መዳፍ ይወጠራል፣ ካጠረ ጣቶች ይታጠፋሉ። ልክ ሲሆን በመዳፍና በኳሱ መካከል እርሳስ ብቻ ታልፋለች። አስተማሪ ስለነበርኩ እርሳስ ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ሞከርኩት፣ አለፈች።

አንድ ነገር ግን በክርም አልተገኘም። የተለካሁት ከቀትር በኋላ ነበር። በማለዳ ስመጣ ያው ቀዳዳ እንደገና ሰፋኝ። ባለ ቦውሊንጉ ግራ ገባው፤ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመውም። እኔ ግን ገባኝ። በማለዳ ብርድ የመንዝ ሰው ጣት ይከሳል። ቀለበቴ ጠዋት ጠዋት ከጣቴ ልውደቅ ይላል፤ ፀሐይ ሲሞቅ መልሶ ይይዛል። ስለዚህ ከፋርማሲ የሚገዛውን የቁስል ፕላስተር ቆርጬ ቀዳዳው ውስጥ በአንድ በኩል ለጠፍኩ። እጄ ሲሞቅ አነሣዋለሁ። በዚህች ትንሽ ነገር ጣቴ ዳግመኛ አልታመመም።

በዚያ ጾም ከቅዳሴ መልስ እየሄድኩ ተለማመድኩ። ሳልጨብጥ ኳሱን ጣቴ ላይ እንደ ገበያ ዘንቢል አንጠለጥለውና ወደ ፊት እሸኘዋለሁ። ስለቀው እጄ ባዶ ሆኖ ወደ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ፈራሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንዳልለቅ ስጠነቀቅ ኖሬ መልቀቅ መማር አስቸገረኝ። ኋላ ግን ጠርሙሶቹ ሲንኳኩ መስማት ጀመርኩ። የባለ ቦውሊንጉ ሚስት፣ «እማማ፣ ኧረ ቀስ፣ ጀርባዬን ቆረጠኝ፤ ባነሣ ባነሣ አላልቅ አሉኝ» ትላለች። እንደዚያ ያለ ምስጋና ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ለቤተሰቡ ግን ምንም አልተናገርኩም። ቤት ስገባ ጣቴን በጨርቅ እጠቀልለዋለሁ።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ዘመድ ሁሉ ለሽኝት ተሰበሰበ። በግ ታርዷል፣ ጠላው ወርዷል። ከምሳ በኋላ የባሌ እህት ራሷ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ ከእትዬ ጋር እንጫወትና ልሂድ» አለች። ሐሳቡን ያመጣችው እሷ መሆኗን ልብ በሉልኝ። ታሪኩን አድሳ ልትሄድ ነው ብዬ ገመትኩ። ጋኑ ወደ ጎተራ ሊያድግ ነው።

መጋዘኑ ሞላ። ሽማግሌዎች ወንበር ላይ፣ ልጆች መሬት ላይ ተቀመጡ። እንደ ልማዱ ጥቁሩን ኳስ አቅፋ መጣች።

«ታላቅ ይቅደም» አለች።

ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳት። ግን አልተቀመጥኩም።

«ዛሬ ልሸኝሽ ነው» አልኩ። «እስከ ዛሬ ድረስ ትልቁን ለእኔ ስትሰጪኝ ኖረሻል፤ እግዜር ያክብርሽ። ዛሬ ደግሞ እኔ በእጄ ልስጥሽ። መንገድሽን ያቅናው፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። በይ ተቀበዪኝ።» ኳሱን ዘረጋሁላት።

በእኛ ዘንድ ታላቅ መርቆ በሁለት እጁ የዘረጋውን ታናሽ አይመልስም። ጉርሻ ከመመለስ ይከፋል። አንድ መውጫ ብቻ ነበራት፤ «ታላቅሽ እኔ ነኝ» ማለት። እሱን ካለች ጥቁሩ ኳስ በታላቅነቷ ይደርሳታል። በሁለቱም በኩል ኳሱ የእሷ ነው። ይህን ያሰብኩት በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ኧረ እትዬ» አለች። «ለእኔ ይበዛል።»

«ምኑ ይበዛል? የከለከለሽ ታናሽነትሽ ከሆነ እኔ ፈቅጄልሻለሁ።»

አየችኝ። አየኋት። ገንፎው ትዝ ብሏት እንደሆነ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ፤ ከመካከላቸው ልደቷን የሚያስታውሱ ሁለት ሦስት ይኖራሉ። ባለቤቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተያት» ሊሉኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ እህታቸው ዞረው፣ «ተቀበያት» አሉ።

እጅ ነሥታ ተቀበለች። እኔም ታላቅ ነኝና ማደሉን ቀጠልኩ፤ ቀዩን ኳስ አንሥቼ ለባለቤቴ ሰጠሁ። እሳቸው መጫወት አይወዱም፤ ጭናቸው ላይ እንደ ድመት አስቀመጡት። ለራሴ የቀረችኝ ሰማያዊዋ ነች። ታላቅ ቆርሶ ሰጥቶ የተረፈውን ሲወስድ ያስመሰግነዋል።

የባሌ እህት ጣቷን በጥቁሩ ኳስ ቀዳዳ ውስጥ ስታስገባ ሁለተኛ ጣት የሚጨመርበት ቦታ ተርፎ ነበር። የመጀመሪያው ውርወራ እግሯ ሥር ወደቀና ብቻውን እየተንከባለለ ወደ ቀየት ሄደ። በሁለተኛው ጨበጠች፤ ፊቷ ላይ አየሁት፣ አውቀዋለሁ። ኳሱ ዘግይቶ ተለቀቀና ግድግዳውን መታ። «ጠርሙሶቹ ሰላም ብለዋችኋል» የሚል ድምፅ ከወዲያ መጣ። በሦስተኛው ክንዷን ወደ ኋላ ስትወስድ ኳሱ ከጣቷ ወጥቶ ወደ እኛ ተንከባለለ። ልጆቹ እግራቸውን ሰበሰቡ፣ አንድ ሽማግሌ ከነከዘራቸው ወንበር ላይ ተንጠለጠሉ።

የባሌ እህት ዞረች። አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ይዛለች።

«እጄ አይደለም» አለች። «ቀዳዳው ነው።»

የገንቦውን ታሪክ ለመሐል ሜዳ ሁሉ ያዳረሰችው ራሷ ስለሆነች ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። የባለ ቦውሊንጉ ሚስት ከወዲያ ጫፍ፣ ባናዋን ሳታወልቅ፣ «ዛሬ ደግሞ ኳስ ተከሰሰ» አለች።

ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ተሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ያህል ዘመን የጠበቁትን ነገር በሳቅ አያባክኑትም።

«አምንሻለሁ» አልኳት። «የቀዳዳው ጥፋት ነው። እኔም ያኔ ብያለሁ።»

«ገንቦውን ነው የሚሉት?» አለች።

«ጋኑን ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሳቀችው እሷ ነች፤ ጣቷን እንደያዘች፣ ጎንበስ ብላ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን ሆኗል።

ተራዬ ሲደርስ፣ እጄ ሞቋልና፣ ፕላስተሬን በጥፍሬ አነሣሁ። ሰማያዊዋን ጣቴ ላይ አንጠለጠልኳት፣ ሸኘኋት፣ እጄ ባዶውን ወደ ላይ ቀረ። ስንት ጠርሙስ እንደጣልኩ አልናገርም። እሷ ከጣለችው ይበልጣል። ባለቤቴ ቀዩን ኳስ እንዳቀፉ፣ «እጇ ደህና ነው» አሉ፤ ለማን እንደሆነ ባይታወቅም ሁሉም ሰማ።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘኋት። ጣቷ አብጧል፤ ሻንጣዋን አውቶቡሱ ላይ ያስጫንኩላት እኔ ነኝ። ስትሰናበተኝ በጆሮዬ፣ «የገንቦው ጆሮ ትንሽ ጠበብ ያለ ነበር፣ እትዬ» አለችኝ። ትንሽ አለች። እሱንም ቢሆን አውቶቡሱ ሞተር ካስነሣ በኋላ ነው።

ደብረ ብርሃን ከገባች ወዲህ የእኔን ነገር ለጎረቤቶቿ አውርታ እንደሆነ ጠይቄ ነበር። ልጇ እንደነገረኝ አሁን የምታወራው ስለ ኳሱ ነው፤ ኳሱም እያደገ ነው አሉ። አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ወስዶ ቦውሊንግ ያጫውታታል። በቅርቡ ስልክ ደወለች።

«እትዬ፣ ጣቴን እንደገና አመመኝ። እርስዎ እንዴት አድርገው ነው የዳኑት?»

ነገርኳት። አንጓሽን በክር ይለኩልሽ አልኳት፤ እስከ ሥሩ አስገቢው፣ አትጨብጪው፣ ክብደቱን በአንድ እጅሽ ሞክሪው፣ በመዳፍሽ ሥር እርሳስ አሳልፊ። አንድ በአንድ እየደገመች ሰማችኝ። አመሰገነችኝ፣ መረቅኋት።

ስለ ፕላስተሩ ግን ዝም አልኩ። ለገና ወደዚህ ትመጣለች፤ ማለዳው ደግሞ ያው የመንዝ ማለዳ ነው። ታላቄ መሆኗን የተናገረች ቀን እነግራታለሁ።